መቁረጥና መለጠፍም ትምህርት ይሻል

የጎንደር ቁም ጸሐፊ በብራና ላይ ሲሳሳት ቃሉን በቢላ ፍቆ ያርም ነበር፤ የዘለለውን መስመር ግን በኅዳግ ወይም በመስመሮች መካከል አሳንሶ ከመጻፍ በቀር ብዙ አማራጭ አልነበረውም። የዛሬው የፕሮግራም ተማሪ ያንኑ ችግር በሁለት ቁልፎች ይፈታዋል። ኮንትሮልና ኤክስ ይቆርጣሉ፤ ኮንትሮልና ሲ ይቀዳሉ፤ ኮንትሮልና ቪ ይለጥፋሉ። ይህን አሠራር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበሩት በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው።

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከጃናሞራ መጥቶ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የሚነካ ተማሪ እነዚህን ትእዛዞች ከጓደኛው በወሬ ሊማራቸው አይገባም። አንድ ኮምፒውተር ለብዙዎች በሚዳረስበት ላቦራቶሪ፣ በማውስ ከምናሌ ወደ ምናሌ መንከራተት ሰዓትንም ሐሳብንም ይበትናል። ስለዚህ ትእዛዞቹ በመጀመሪያው የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ ይሰጡ እንላለን።

ከጥቅሙ ጋር ግን አደጋውም ይነገር። አንደኛ፣ ስሕተት ያለበት ኮድ በአምስት ቦታ ቢለጠፍ ስሕተቱ አምስት ይሆናል፤ አንዱን ብናርም አራቱ ይቀራሉ። መድኃኒቱ ተደጋጋሚውን ሥራ በአንድ ፈንክሽን ጠቅልሎ ከየቦታው መጥራት ነው። ሁለተኛ፣ ዓይን ያታልላል። የእኛ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮሎን መንትያ ቢመስሉም፣ በዩኒኮድ የመጀመሪያው ቁጥር 4961፣ የሁለተኛው 58 ነው። በአማርኛ ከተዘጋጀ ማስታወሻ የተቀዳ የፓይተን መስመር ሁለት ነጥብ ይዞ ከመጣ ፕሮግራሙ አይሠራም፤ ተማሪውም ምክንያቱን ፍለጋ ይደክማል። ሦስተኛ፣ የተቆረጠው ጽሑፍ እስኪለጠፍ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ነው። ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቆርጦ ወዲያው መለጠፍ፣ ለጥፎም በኮንትሮልና በኤስ ማስቀመጥ ልማድ ሊሆን ይገባል።

አንዳንድ መምህራን መቅዳትን ጨርሶ መከልከል ይሻላል ይላሉ። እኛ አንስማማም። ባለሙያውም ይቀዳል፤ ልዩነቱ የሚቀዳውን ማወቁ ነው። ስለዚህ መምህሩ ከተለጠፈው ኮድ አንዱን መስመር ጠቁሞ «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። የመለሰ ተማሪ ኮዱን የራሱ አድርጎታል፤ ያልመለሰ ግን ገና ጣቱን እንጂ አእምሮውን አላሠራም።