በዋሸራ በግ አገር የፕላስቲክ አውታር

ዛሬ የምጽፈው ስለ ክር ነው። ስለ መሰንቆ፣ ስለ ክራርና ስለ በገና አውታር። «ጎጃም በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለ ስለ ክር ትጽፋለህ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴን ከታች ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ነገሩን እንየው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወደ ገጠሩ ስትዘልቁ ሠርጉም ሆነ ክርስትናው ሲደምቅ የኖረው በአዝማሪ ነው። የአዝማሪው መተዳደሪያ ደግሞ አንድ ክር ነው። መሰንቆ ሁለተኛ አውታር የለውም። እኩለ ሌሊት ላይ ከተበጠሰ ግጥሙም ሽልማቱም እዚያው ያበቃል። ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና ዐሥር አውታር ስላላቸው በቀሩት መቀጠል የሚቻል ይመስላል። ግን አንዷ ስትጎድል ቅኝቱ ይጎድላል።

ክር ሲበጠስ የምንሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ክሩ አይረባም»። እኔ ደግሞ የምለው ሁለት ነገር ነው። አብዛኛው መበጠስ በአያያዝ ሊቀር የሚችል ነው። የቀረው ክሩን ራሳችን መሥራት ስለተውን የመጣ ነው።

ከአያያዙ እንጀምር። ትልቁ ጥፋት ከልክ በላይ መወጠር ነው። ክራርና መሰንቆ የሚቃኙት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ድምፀ ቀጭን ሲመጣ መቃኛው ይጠመዘዛል። ቅኝቱን በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ፣ ከ«ዶ» ወደ «ሬ» እንደማለት፣ ከፍ ስናደርገው በክሩ ላይ ያለው ውጥረት ከሩብ በላይ ይጨምራል። በሁለት ሙሉ ድምፅ ከፍ ካደረግነው ጭማሪው ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ይህ ግምት አይደለም፤ ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1636 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአውታር ሕግ የሚሰጠው ሒሳብ ነው። «ትንሽ ብቻ ላጥብቀው» የምንላት ትንሽ፣ ለክሩ ትንሽ አይደለችም።

«እንግዲያው ወፍራም ክር ልግጠም» የሚል ብዙ ነው። ይህ አይሠራም። ክሩ ሲወፍር ጥንካሬው ይጨምራል፤ ግን ክብደቱም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት በዚያው ልክ አጥብቆ መወጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ዓይነት ክር፣ በአንድ ርዝመት፣ የሚበጠስበት ድምፅ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ያው ነው። የሚለወጠው በክራሩ ላይ የሚወርደው ሸክም ነው፤ ቀንበሩ ይጎብጣል፣ ቆዳው ይሰምጣል። ለቀጭን ድምፅ መፍትሔው አጠር ያለ ክራር መያዝ፣ ወይም ዘፋኙን ዝቅ እንዲል መለመን ነው።

የብረት ክርም እንዲሁ ነው። ብረት ከጅማት ስድስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ውፍረታቸውና ድምፃቸው እኩል ከሆነ ስድስት እጥፍ ያህል መወጠር ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ ማጉያ ለሚጫወት፣ ክራሩም ለዚያ ለተሠራለት ሰው ቀጭን የብረት ክር ያዋጣል። ለአሮጌ የእንጨት ክራር ግን ክሩ ባይበጠስ እንኳ ክራሩ ይሰበራል።

ሁለተኛው ነገር፣ ክሩ የት ላይ እንደተበጠሰ ማየት ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ጥፋተኛው ክሩ ሳይሆን ዕቃው ነው። የብርኩማው ጠርዝ ስለት አውጥቶ ይሆናል፤ ወይም መቃኛው ላይ ክሩ በጣም ተጣጥፎ ይሆናል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አምስት ደቂቃ አይወስድም። ክራር ላይ ክሩ ቀንበሩ ላይ ሲጠመጠም ከሥር የሚገባው ጨርቅም ለጌጥ አይደለም፤ ሲያልቅ ይቀየር።

ሦስተኛው የአየሩ ጉዳይ ነው። ጅማት እርጥበት ይመጣል፤ ክረምት ላይ ያብጣል፤ በጋ ላይ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። የሐምሌ ቅኝት ለጥር አይሆንም። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አላሉት። ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አታስቀምጡት። ጅማት ለአይጥ ሥጋ መሆኑንም አትርሱ፤ በገና ከፍ ብሎ ይሰቀል።

የመሰንቆው ደግሞ ለየት ይላል። አንድ አውታር ብንለውም የብዙ ፈረስ ጭራ ጥቅል ነው። አንድ በአንድ እየተበጠሰ ይሳሳል እንጂ ባንድ ጊዜ አይሄድም። ስለዚህ አስቀድሞ ይነግረናል። ከሩቡ በላይ የሳሳ ጥቅል ይዞ ሠርግ ቤት መሄድ አያስተማምንም። በውጭ አገር የቫዮሊን ደጋን ሠሪዎች የባዝራን ጭራ ትተው የወንዱን ይመርጣሉ፤ የባዝራው በሽንት ስለሚረጥብ ይደክማል ይላሉ። ጎረቤታችን አዊ የፈረስ አገር ነው። ይህን ለመምረጥ የሚቸግረን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በገና ሲሠራ የኖረው በበግ አንጀት ነው። የአንጀቱ ስብና ልፋጭ ተፍቆ ይወጣል፤ እርጥብ እንዳለ ይገመዳል፤ ተወጥሮ ይደርቃል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ማሽን አይጠይቅም። ምዕራብ ጎጃምና አዊ ደግሞ የዋሸራ በግ መገኛ ናቸው። በፋሲካ ማግስት በየደጁ የሚጣለውን አንጀት አስቡት። በጉን አርደን አንጀቱን ለውሻ ጥለን፣ ለክራርና ለበገና ከሩቅ ፋብሪካ የመጣ የናይለን ክር እንገዛለን። ናይለኑን አልነቅፍም፤ ርካሽ ነው፣ እርጥበትም ብዙ አይጎዳውም። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ናይለን ምርጫ የሚሆነው ሌላውም ሲኖር ነው።

የውጭውን ዓለም ተመልከቱ። ቫዮሊኑም፣ ግዙፉ ኮንትራባስም ለዘመናት የተጫወቱት በበግ አንጀት ነው። በጣሊያን አብሩዞ ውስጥ ሳሌ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ ነዋሪዎቿ በዚሁ ሙያ ይታወቁ ነበር። ከዚያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የዳዳሪዮ ቤተሰብ ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የክር አምራቾች አንዱን ይመራል። የጀመሩት እኛ ከምንጥለው ነገር ነው።

በገና በደርግ ዘመን ከአደባባይ ርቆ ነበር። ዓለሙ አጋን የመሳሰሉ መምህራን ትምህርቱን ስላቆዩ ዛሬ በብዙ ከተማ የሚደረድር ወጣት አለ። መደርደሩ ሲመለስ ክር መሥራቱ ግን አብሮ አልተመለሰም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በገና በጣም የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ በግ አይታረድም። የሁዳዴ ክር ከገና፣ ከጥምቀትና ከቅበላው እርድ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚያቅድ ሙያተኛ ከሌለ ችግሩ በየዓመቱ ይደገማል።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቄራዎች አንጀቱን ለይተው ይስጡ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የጥቂት ሳምንት ሥልጠና ይክፈቱ። አሠልጣኝ ከውጭ አይምጣ፤ በገጠሩ እጃቸው ያልረሳ አዛውንቶች ሳያልፉ ይፈለጉ። የባህል ቢሮዎች በየበዓሉ ለመድረክ ከሚያወጡት ጥቂቱን ለዚህ ያውሉት። አዝማሪውን ለእንግዳ መቀበያ መጥራት እንጂ ክሩን ከየት እንደሚያመጣ መጠየቅ አልለመድንም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ጦርነት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሰው ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ ሲጨነቅ ክር ከአዲስ አበባ አልመጣም ብሎ የሚያለቅስ የለም፤ ማልቀስም የለበትም። ግን መንገድ ሲዘጋ ያየነው አንድ እውነት አለ። በእጃችን የማንሠራው ነገር ሁሉ የእኛ አይደለም። የአዝማሪም ቤት በክር ይኖራል፤ ሠርጉ ቀርቶበት፣ ክሩም ተበጥሶበት ልጆቹን ምን ያብላ? ከዚህም በላይ ያሳለፍነውን ነገ የሚያለቅስልን፣ የሚወቅሰንም ይኸው መሰንቆ ነው። ያን ቀን ክር አጥቶ ዝም እንዲል አልፈልግም።

በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የበግ አንጀት ገምዶ አውታር የሚሠራ ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ እሱን ሳታስፈቅዱ ስሙን እዚህ አትጻፉ። ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡና ተማሩ።

ቸር ያሰማን።