«ወንድሜን ማባዛት አልገባውም፤ ልምጭ ላንሳ?»

የክረምቱን ጭቃና ጃንጥላ እንተወውና የዛሬውን ደብዳቤ እንክፈት። ከፍቅረኛው የተጣላ ሰው የጻፈው አይደለም፤ እሱን የለመዳችሁ ለዛሬ ታገሡኝ።

ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። እናቷ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የዘጠኝ ዓመት ወንድሟን የምታሳድገው እሷ ናት። ልጁ መስከረም ሲጠባ ሦስተኛ ክፍል ይገባል። ከደብዳቤዋ ጥቂት ላንብብላችሁ፦

«መደመርና መቀነስ ላይ ጎበዝ ነበር። የማባዛት ሠንጠረዥ ከመጣ ወዲህ ግን ደብተሩን ፍራሽ ሥር መደበቅ ጀመረ። እናታችን ደውላ ‹ትምህርት እንዴት ነው?› ስትለው ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ‹እማዬ የሄደችው እኔ ደደብ ስለሆንኩ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የለኝም። አጎቴ ደግሞ ‹ሠንጠረዥ ያለ ልምጭ አይገባም፤ እኛም እየተገረፍን ነው የተማርነው› ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ከሒሳቡ በፊት የልጁን ጥያቄ መልሺለት። ዛሬውኑ። ደግሞ «ላንተ ብላ ነው የሄደችው» እንዳትዪው፤ እሱም ሌላ ዕዳ ነው። «የቤት ኪራዩና አስቤዛው አልበቃን ስላለ ነው፤ አንተ ምንም አላደረግህም» በዪው፤ በቃ። ቀጥለሽ ለእናትሽ ንገሪያትና በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ ኳሱ ትጠይቀው።

አሁን ወደ ልምጩ። አጎትሽን ማክበር ደግ ነው፤ ልምጩን ግን ከእጃቸው ተቀበያቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት እንኳ በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆን እንዳለባቸው ጽፏል። ሕጉን እንተወውና፣ የፈራ ልጅ «ስድስት ጊዜ ሰባት» ሲባል የሚያስበው ልምጩ የት እንደሚያርፍ ነው። ስድስቱንም ሰባቱንም አይሰማም።

ታዲያ መደመር ላይ ጎበዝ የነበረ ልጅ እዚህ ሲደርስ ለምን ቆመ? እኔ እንደሚመስለኝ ሠንጠረዡ ገና ሳይገባው እንዲሸመድደው ስለተሰጠው ነው። አንዳንዱ ደብተር ጀርባው ላይ የሚታተመውን ሠንጠረዥ ታውቂው የለ? መቶ ቁጥር በአንድ ገጽ! ምን እንደሆነ ላልገባው ልጅ የማያውቀው ሰው ስልክ ቁጥር ማለት ነው።

ማባዛት በአማርኛችን ከአፋችን የማይጠፋ ነገር ነው። «ለእንግዶቹ ሁለት ሁለት እንጀራ አቅርቢ» ትባያለሽ። እንግዶቹ ስድስት ከሆኑ 12 እንጀራ ቆጥረሽ ታወጫለሽ። ማንም ሠንጠረዥ አላሳየሽም። «ሁለት ሁለት»፣ «ሦስት ሦስት» ስንል ለሁሉም እኩል ማለታችን ነው። ማባዛት ደግሞ ያው ነው፤ እኩል እኩል የሆኑ ክምሮችን ባንድ ጊዜ መቁጠር። «አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ» ማለትንም ልጁ ድሮ ያውቀዋል። «አራት ብር ሦስቴ ብሰጥህ ስንት ይሆናል?» በዪውና እዪው። «አራት ሲባዛ በሦስት» ስትዪው ዝም ያለው ልጅ ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል። ለሁለት ሳምንት ያህል «ሲባዛ» የምትለዋን ቃል ከቤት አስወጫት።

ደብተሩንም እዚያው ፍራሽ ሥር ይተኛ። ወቅቱ ራሱ የሚያስተምር ነገር ሞልቶታል። አሁን የበቆሎ ጊዜ አይደል? መንገድ ዳር ከሰል አያይዘው ከሚጠብሱት እናቶች አንድ ግዢ፤ ቅቅልም ይሆናል። ሳትቆጥሪ በፊት ተወራረጂው፦ «የረድፎቹ ብዛት ጥንድ ቁጥር ነው የሚሆነው» በዪው። ዙሪያውን ይቁጠር። የጀመረበት እንዳይጠፋው ከአንዱ ረድፍ ላይ አንድ ፍሬ ይንቀልና ምልክት ያድርግ። 12 ወይ 14 ወይ 16 ያገኛል፤ ጎዶሎ ቁጥር አያገኝም። የበቆሎ ፍሬ ከጅምሩ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚበቅል ነው። (የተጣመመና እዚህም እዚያም ፍሬ የጎደለው በቆሎ እንዳትገዢ፤ ውርርዱን ትበያለሽ።) ነገ ደግሞ ሌላ ይቁጠር። ይህ እንግዲህ የሁለት ሠንጠረዥ ነው፤ እሱ ግን ሠንጠረዥ መሆኑን አያውቅም። ከዚያ ፈልፍሉትና ሦስት ሦስት ፍሬ በአራት ረድፍ ይደርድር። ስንት ሆነ? 12 ካለ ይብላው። 11 ካለም ደግሞ ቆጥሮ ይብላው። ሒሳብ የሚበላበት ቀን ብዙ አይደለም።

ክረምቱ ሲያልቅ ጳጉሜን ትመጣለች። ካሌንደሩን ከግድግዳ አውርጂለት። ፈረንጆቹ ወራቸው አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ አንዱ 28 ስለሆነ ዓመታቸውን በማባዛት አያገኙትም። የእኛዎቹ 12 ወራት ግን ሁሉም 30፣ 30 ናቸው። ሠላሳ አሥራ ሁለቴ 360። የቀሩት አምስቱ፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ስድስቱ፣ ጳጉሜን ናቸው። አንድ ልጅ የዓመቱን ቀናት ራሱ ሠርቶ ሲያገኝ ፊቱን ማየት ነው። ከባድ ከሆነበት በሦስት ወር ጀምሪው፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ 90።

መስከረም ላይ አደይ አበባ አለች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አስጠኚ የሚዘላት ነገር እዚህ ናት። ልጁ አምስት አበባ ይልቀምና የእያንዳንዷን ቢጫ ቅጠል ይቁጠር። አንዷ ስምንት ቢኖራት ሌላዋ አንድ ረግፎባት ሰባት ሊኖራት ይችላል። «ስምንት አምስቴ» ማለት ይቻላል? አይቻልም! እኩል አይደሉማ። አንድ በአንድ መደመር ነው ያለው። ከዚያ እኩል ቅጠል ያላቸውን ብቻ ይምረጥ፤ አሁን ይቻላል። ማባዛት መቼ እንደማይሠራ ያወቀ ልጅ መቼ እንደሚሠራም አወቀ ማለት ነው። «ሁሉም እኩል ናቸው?» የምትለዋን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ከጀመረ ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዷል።

የአበባዮሽ የሚሉት ልጆች ሲመጡም እሱን ባለ ገንዘብ አድርጊው። አምስት ልጆች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ብር፤ ስንት ይዘርዝር? ተሳስቶ ካጎደለ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩታል፤ እነሱ አይሳሳቱም።

ለገናና ለፋሲካ የሚሆነው ደግሞ የእንቁላል ካርቶን ነው። ባለሱቁን ባዶውን ለምኚው። ጉድጓዶቹን ቁጠሪያቸው፤ በአንድ ወገን አምስት፣ በሌላው ስድስት፣ በጠቅላላው 30። ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ ማስተማሪያ ነው። ሽምብራ ወይም ባቄላ ስጪውና በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይጨምር። በወፍራም ወረቀት ከፊሉን ሸፍነሽ ሦስት በአራት ብቻ ክፍት ተዪለት፤ 12 ይላል። አሁን ካርቶኑን አዙሪው። ሦስት በአራት የነበረው አራት በሦስት ሆነ፤ ሽምብራው ግን አልጨመረ አልቀነሰ። ይህችን ራሱ ይያት፤ አትንገሪው። ዶሮ ሲገነጠልም ቆጣሪው እሱ ይሁን፤ አንድ ዶሮ 12 ብልት፣ ሁለት ዶሮ 24። ለጎረቤት የተላከ ካለ መቀነስም ተማረ።

ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ረመዳን አለ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚመጣ ወቅቱ አይታወቅም፤ የአፍጥር ተምር ግን አይቀርም። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ፍሬ የሚያስቀምጠው ልጁ ይሁን። ሰባት ሰው ካለ 21 ተምር። አንድ እንግዳ በድንገት ቢገባስ? ሦስት ይጨምራል እንጂ ከአንድ ጀምሮ አይቆጥርም። የማባዛት ጥቅሙ ያው ይኸው ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አስጠኚ መቅጠር ካልቻልሽ የግቢውን ልጆች ሰብስቢ። አራት አምስት ሆነው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ወንድምሽ በቆሎውን አስቀድሞ ቆጥሮ ስለነበር ለሌሎቹ የሚያሳየው እሱ ይሆናል። ደደብ ነኝ ያለው ልጅ አስተማሪ ሲሆን አስቢው! በማስጠናት ኪሳችሁን የምትደጉሙ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ብትሞክሩት ወላጅ የሚከፍላችሁ ከዚህ በኋላ ቅር ሳይለው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሽምዳዳ አይቀርም። ገብቶት ከሸመደደ ክፋት የለውም። ሥራው ደግሞ እንደሚታየው አይበዛም፤ አብራችሁ ሰርዙ። መቶ ናቸው። ካርቶኑን ስታዞሩ አንድ የሆኑትን አንዴ ብቻ ቁጠሩ፤ 55 ቀሩ። የአንድና የአሥር ልፋት የላቸውም፤ 36። የሁለትን በበቆሎ፣ የአምስትን በሰዓቱ ደቂቃ ቆጣሪ ያውቃቸዋል፤ 21። የዘጠኝን ጣቶቹ ይነግሩታል። አሥሩንም ይዘርጋ፤ ዘጠኝ አራቴ ከሆነ ከግራ አራተኛውን ይጠፍ። ከታጠፈው በስተግራ ሦስት፣ በስተቀኝ ስድስት፤ 36። እነዚህም ሲወጡ ከመቶው የቀሩት 15 ብቻ ናቸው። በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በቀን አንዷን ብቻ ያዙ። ሰዓት ይዘሽ አታስቸኩዪው።

እስከ ኅዳር ድረስ እንዲህ ሞክረሽ ምንም ለውጥ ካላየሽ መምህሩን አነጋግሪ። ሰሌዳው አጥርቶ ይታየው እንደሆነ፣ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ እንደሆነም አረጋግጪ። ዓይኑ የደከመ ልጅ ስንፍና ሲቆጠርበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከአሥራ አምስቱ ውስጥ ልጆች ሁሉ የሚጠሏት ሰባት ስምንቴን ናት። እሷን ለመጨረሻ ተዪያት። ተራዋ ሲደርስ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ብሎ በተርታ ይጻፍና መሃል ላይ የእኩል ምልክት ያስገባ፦ 56 = 7 × 8።