«ማን ወከለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ሸክሙን በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ኑሮ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ግን በአንዲት እናት አንደበት ነው። ጋዜጠኛው መንገድ ላይ ያገኛታል፤ ስለ ልጆቿና ስለ ወገቧ ሕመም ታጫውተዋለች፤ ዘገባው ሲወጣ «የእንጦጦ እንጨት ለቃሚዎች እንዲህ ይላሉ» የሚል ሆኖ ይወጣል። በየካም ሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ የወረዳ ስብሰባ ላይ የሚታየውም ከዚህ አይርቅም። «ነዋሪውን ወክዬ» ብሎ የተነሣ አንድ ሰው ሲያመሰግን ወይም ሲያማርር ቃሉ የሰፈሩ ሁሉ ቃል ተደርጎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ሰው የደረሰበትን ለመናገር የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። በሌሎች ስም ለመስማማት፣ ለመተው ወይም ለመደራደር ግን እነዚያ ሌሎች የሰጡት ሥልጣን፣ የሥልጣኑ ወሰንና የሚጠየቅበት መንገድ ሊኖር ይገባል። እነዚህ በሌሉበት አንድን ሰው የብዙዎች አፍ ማድረግ በዝምታ የቀሩትን መበደል ነው።

በደሉን ለማየት ወደ ተራራው መመለስ ይበቃል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ እንጦጦን ካለበሰ ወዲህ የአዲስ አበባ ምድጃ ለብዙ ዘመን የነደደው በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ጥቅማቸው ግን አንድ አይደለም። አንዷ ፍልጡን ለገበያ ታወርዳለች፣ ሌላዋ ለራሷ ምጣድ የሚሆን ቅጠል ትጠርጋለች። ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የገቡም አሉ። የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም ሲመረቅ የተራራው አገልግሎት ተለወጠ፤ ከደኑ ማን ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄም አብሮ ተለወጠ። ሌላ ሥራ ያገኘችው ሴት የደኑን መጠበቅ ብትደግፍ እውነቷን ነው። የዕለት ጉርሷ አሁንም ከዚያው የሆነው ሴት ብትቃወምም እውነቷን ነው። ከሁለቱ አንዷን ብቻ ጠይቆ «እናቶቹ ተስማምተዋል» ወይም «እናቶቹ ተቃውመዋል» ማለት የሌላዋን እንጀራ ሳይጠይቋት መቁረጥ ነው። «የየካ ነዋሪ» የሚለው ስም ራሱ እንኳ በአስተዳደር ውሳኔ ይሰፋል ይጠባል፤ በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተቆርጦ ሲቋቋም ትናንት የየካ ነዋሪ የነበረው ብዙ ሰው የሌላ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሆኗል። እንዲህ የሚለዋወጥን ስብስብ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዳለ አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

በግል ንብረት ጉዳይ ሕጋችን ይህን አሳምሮ ያውቃል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 እንደደነገገው፣ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው እንኳ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው የወካዩን ቤት ሊሸጥ አይችልም። በቁጥር 2226 ደግሞ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ለአንድ ቤት ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፣ የአንድ መንደር ሰው ሁሉ ስለሚነሣበት ወይም ስለሚቀርበት ጉዳይ በአንድ ተናጋሪ ቃል መርካት እንዴት ተገቢ ይሆናል?

የአገራችን የሕገ መንግሥት ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ በሚል፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ እንደራሴ ነበረው፤ የላከው ግን እሱ አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንጻሩ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል በአንቀጽ 12 አስፍሯል፤ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህ መብት የዜጎች ነው። በስብሰባ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው በእነርሱ ፈንታ ተጠቅሞ ሊጨርሰው አይችልም።

«ከመካከላቸው የወጣ፣ ችግሩን የቀመሰ ሰው ከማንም በላይ ሊወክላቸው አይችልምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መቅመስ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን ውክልና አይሆንም። በእንጦጦ ዳገት ላይ ከሮጡት አትሌቶች ሁሉ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚያህል ስም ያለው ጥቂት ነው። ቢሆንም በ2009 ዓ.ም የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንን የመምራት ሥልጣን የሰጠው ዝናው ብቻ ሳይሆን የጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም ሥራውን ሲለቅም ደራርቱ ቱሉ ተተካች፤ ኃላፊነቱ ከሰው ወደ ሰው ተሻገረ። በዓለም ያሸነፈ ሯጭ ድምፅ ተሰጥቶት ከተወከለ፣ በሰፈር ደፋር ተናጋሪ መሆን ብቻውን እንደራሴ ሊያደርግ አይገባም።

ከዚህ የሚጠነክር ተቃውሞም አለ። የተጨቆኑ ሰዎች ጉባኤ ጠርተው፣ ድምፅ ሰጥተው ተወካይ እስኪመርጡ ብንጠብቅ ጩኸታቸው መቼ ይሰማል? እውነት ነው፤ ብዙ በደል የተገለጠው ማንም ያልላከው አንድ ሰው አፉን ስለከፈተ ነው። ይህን ሰው ዝም በል ማለት ነውር ነው። ነገር ግን እሱ ምስክር ነው፤ የምስክር ቃል የሚመዘነው ባየውና በደረሰበት ነው። እንጨት ስትሸከም የተመታች ሴት ምን እንደ ደረሰባት ስትናገር ሌሎች ሺህ ሴቶች መፈረም የለባቸውም። ለዚያች ሴት ካሳ ተሰጥቶ የሺዎቹ ጉዳይ ተዘጋ ሲባል ግን ምስክርነቷ ያልያዘችው ሥልጣን ተደርጎባታል፤ እሷም በጎረቤቶቿ ዓይን ሸጠችን ተብላ ትጠረጠራለች። ስለዚህ ምስክርነትን ከውክልና መለየት ተናጋሪዋን ራሷንም ይጠብቃታል።

ተወካይን መርጦ የመጠየቅ ሥርዓት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በየሰፈሩ ያለው እድር ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በአባላት ምርጫ ይሾማል፤ ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ያስመረምራል፤ ያላመነውን ይቀይራል። ማንበብና መጻፍ ያልቻሉ እናቶች ሳይቀሩ ይህን አሠራር ጠንቅቀው ያውቁታል። «ሕዝቡ መምረጥ አይችልም፣ ጊዜም የለም» የሚለው ሰበብ በእድር ደጃፍ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ዋናው ኃላፊነት የሚወድቀው ከተናጋሪው ይልቅ አንድ ሰው ሰምቶ ጉዳዩን መዝጋት በሚቀለው ባለሥልጣን፣ ጋዜጠኛና ረጂ ድርጅት ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ የተናጋሪው ስም ብቻ አይበቃም፤ ማን፣ መቼና በምን ጉዳይ ላይ እንደ ወከለው ይጻፍ፤ ያልተስማሙት ሰዎች ሐሳብም አብሮ ይስፈር። ውክልና የሌለው ሰው ከተናገረም ቃሉ «የአንድ ነዋሪ አስተያየት» ተብሎ ይመዝገብ። ጋዜጠኛም አንዲት እናት አነጋግሮ «እናቶቹ» ብሎ ከመጻፍ ይቆጠብ፤ በኑሯቸውና በጥቅማቸው የሚለያዩትን ፈልጎ ይጠይቅ። ይህ ስብሰባን ያስረዝማል፣ ዘገባንም ያዘገያል። የመዘግየቱን ዋጋ ግን ተቋማት ሊከፍሉት ይችላሉ፤ ሳይጠየቁ በስማቸው የተወሰነባቸው ሰዎች የሚከፍሉት ዋጋ መተዳደሪያቸውንና ቤታቸውን የሚነካ ነው።