የታንክ ብዛትና የታንከኛ እጥረት

የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የታንክ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በፋብሪካ አኃዝ ነው፤ ስንት ታንክ ተመረተ፣ የመድፉ አፍ ስንት ሚሊ ሜትር ነበር፣ የብረቱ ውፍረትስ ምን ያህል ነበር? በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ይህ አቀራረብ ታንኩን ስለሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ሊነሣ የሚገባውን ጥያቄ ይዘላል። የወደመ ታንክ በሌላ ይተካል፤ የበሰለ ታንከኛን ግን ፋብሪካ አያመርተውም።

ጦሮች እጥረቱን ለመቋቋም የወሰዷቸው እርምጃዎች በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ። አንደኛው የሰው ቁጥር መቀነስ ነው። በ1944 ማብቂያና በ1945 መጀመሪያ በምዕራብ አውሮፓ የተዋጉ አንዳንድ የአሜሪካ ክፍሎች፣ አምስት ሰው የሚይዘውን ሸርማን ታንክ የረዳት ሾፌሩን ቦታ ባዶ ትተው በአራት ሰው አዋግተውታል። ሁለተኛው እግረኛ ወታደሮችን በአጭር ሥልጠና ወደ ታንክ ማዛወር ነው። ሦስተኛው ምልምሎች የሚበዙባቸውን አዳዲስ ክፍሎች ማደራጀት ነው።

ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ነው። ጀርመን በ1944 ነባር ክፍለ ጦሮቿን በማጠናከር ፈንታ አዳዲስ የታንክ ብርጌዶችን አቋቋመች። ከእነዚህ መካከል 111ኛውና 113ኛው ብርጌዶች በሴፕቴምበር 1944 በሎሬን፣ አራኩር አካባቢ ከአሜሪካ 4ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ጋር ገጠሙ። የያዙት ፓንተር በመድፍም በፊት ለፊት ብረቱም ከሸርማን ይልቅ ነበር። ሆኖም በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኞቹን ታንኮቻቸውን አጡ።

ለሽንፈቱ የጠዋቱ ጭጋግና የቅኝት ኃይል ማነስ ምክንያት ሆነው ይጠቀሳሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጭጋጉ ለሁለቱም ወገን ጭጋግ ነበር፤ የተጠቀመበት ረጅም ሥልጠና የነበረውና ቦታ እየቀያየረ መተኮስን የለመደው ወገን ነው።

የሶቪየት ኅብረት ተሞክሮም ይህንኑ ያጠናክራል። በቀደምቱ ቴ-34 የታንኩ አዛዥ ተኳሽም ስለነበር አካባቢውን በሚገባ መቃኘት ይቸግረው ነበር። በ1944 ለውጊያ የቀረበው ቴ-34-85 አምስተኛ ሰው ጨምሮ አዛዡን ከተኳሽነት ነጻ አወጣው። ከባድ የሰው ጉዳት የደረሰበት ጦር ለእያንዳንዱ ታንክ ተጨማሪ ሰው መመደቡ፣ የሥራ ክፍፍል ከቁጠባ እንደሚበልጥ መረዳቱን ያሳያል።

እንግዲህ እጥረት ማለት የሰው ቁጥር መጉደል ብቻ አይደለም፤ ልምድ ያላቸው ጥቂቶች የት ተመደቡ የሚለውም ጭምር ነው። በመስኩ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ከታንኮች ዝርዝር ጎን የሥልጠና ጊዜንና የምትክ ሰው አመዳደብን ሊመረምሩ ይገባል። አለዚያ የምንጽፈው የጦርነት ታሪክ ሳይሆን የመጋዘን ቆጠራ ይሆናል።