ጎሬን ያየ በፎቅ አይፎክርም

ሚዛን ተፈሪ፣ ሸኮ፣ ቴፒ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ቡና ነው። ቡና ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘብ ገበያ ያሞቃል፤ ገበያ የሞቀበት ሹም ደግሞ ሪባን መቁረጥ ይወዳል። ዕድገትህን አሳየን ቢሉት ጣቱን የሚቀስረው ወደ ባለ ፎቅ የገበያ ማዕከል ነው። ለመሆኑ ገበያን ገበያ የሚያደርገው ግድግዳው ነው? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጋምቤላና ጎሬ እዚሁ ጎረቤት ናቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ተፈቀደ። ኢታንግን ጎርፍ ስለሚያጠቃው ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ለመሸጫና ለመግዣ ተብሎ በወረቀት የተቆረቆረ ሰፈር መሆኑ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቡ ከካርቱም ይመጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። ከደጋው እስከ ወንዙ ያለውን ቁልቁለት ጭነቱን የሚያመላልሱት የበቅሎና የሰው ጀርባ ነበሩ። በዚህ ንግድ ጎሬ ደመቀች። ግሪኩም ሶሪያዊውም ሱቅ ከፈተባት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ የተረፈው መንግሥት መቀመጫውን ጎሬ አደረገ።

ከዚያስ? ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያደርስ የመኪና መንገድ ሠራ። ቡናው መኪና ካገኘ ክረምት ጠብቆ መርከብ የሚለምንበት ምን ምክንያት አለው? ፊቱን ወደ ጅማና አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ባቡር አዞረ። ታህሳስ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ ውሉም አበቃለት፤ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። መሬቱ ተመለሰ፤ የድሮው ገበያ ግን አልተመለሰም። ጎሬም የኢሉባቦር ዋና ከተማነቷን በደርግ ዘመን ለመቱ አስረከበች። ግድግዳው ቆሟል፤ የሄደው መንገዱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ጋምቤላ በተመለሰችበት በዚያው በ1949 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ዳር፣ ሳውዝዴል የተባለው የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ሱቆቹ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር የተሰበሰቡበት ነበርና አገሩ ሁሉ ቀዳው። ንድፉን ያወጣው ቪክቶር ግሩን ያሰበው መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤትና መናፈሻ ያለበት ሰፈር ነበር። ባለገንዘቦቹ መሸጫውንና የመኪና ማቆሚያውን ብቻ ወሰዱ። ሰውዬው በስተርጅናው ልጆቼ አይደሉም ብሎ ካዳቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ ደንበኛው ግማሹ ወደ አዲስ ማዕከል፣ ግማሹ ወደ ኢንተርኔት ግዢ ሄዷል። ሀብታም አገር ይህን ኪሳራ ይችለዋል። እኛስ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። የደቡብ ምዕራብ ገበሬ ቡናውን በብዛት የሚሸጠው በእሸቱ ወይም በጀንፈሉ ነው። ከቆሎው፣ ከማሸጊያው፣ ከላኪነቱ የሚገኘው ትርፍ ሌላ ቦታ ይቀራል። ከሚዛን በቅርብ ርቀት 10,000 ሄክታር ገደማ የሚሰፋው የበበቃ ቡና እርሻ አለ። በመንግሥት እጅ ነበር፤ ኋላ ወደ ግል ተዛወረ፤ ውሳኔው ግን ሁልጊዜ የአዲስ አበባ ነው። ጭነት መኪናው ቡናውን ይዞ ያልፋል፤ ለከተማው የሚተርፈው አቧራው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው! የለቀማው ወር ሲያልፍ ኪሱ የሚደርቅ ገበሬ ከፎቁ ሱቅ ምን ይገዛል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሌላው ሰላም ነው። ቴፒን ማን ያስተዳድር በሚል ጠብ በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ደም ፈሷል፤ የሸኮና የመዠንግር ወገኖቻችን አልቀዋል። ገበያ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ጥይት ይሰማል። እናት ቅርጫቷን ይዛ መንገድ ካልወጣች ሱቅ ቢደረደር ምን ዋጋ አለው? በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ መቀመጫነቱን ተካፈሉ። እሰየው ብለናል። ነገር ግን ቢሮ ያመጣው ገበያ ቢሮው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ምስክር ቢያሻ ጎሬ ትጠየቅ።

እንግዲህ ሹማምንቱን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎቁን ከመቁጠራችሁ በፊት ቡናው የሚፈለፈልበትን፣ የሚቆላበትንና የሚታሸግበትን እዚሁ አስፋፉ። ከቀበሌ ወደ ከተማ የሚያስገባውን የጭቃ መንገድ ጥረጉ። የገበያ መሬት ለማን፣ በስንት፣ በምን መስፈርት እንደተሰጠ በአደባባይ ለጥፉ። መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ የምትሸጠውን ሴት በዱላ አታባሩ፤ ገበያው እሷ ናት። ከሁሉ በላይ ሸኮውም፣ ቤንቹም፣ ሸካቾውም፣ መዠንግሩም፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረውም ስለ ከተማው በሚመከርበት ሸንጎ ቃሉ ይሰማ።

ጋምቤላን የሠራው ወረቀት ነበር፤ ያፈረሰውም ወረቀት ነው። ባለቤት ያለውን ገበያ ግን ወረቀት ብቻውን አያፈርሰውም።