አዲሱን ድምፃዊ በማን ሚዛን?

ድምፃዊ የቀየረ የሄቪ ሜታል ባንድ አልበም ሲያወጣ አድናቂው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ባንዱ አበቃለት» ይላል፤ ሌላው «ገና አሁን ተወለደ»። ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ኦዚ ኦዝቦርንን አሰናብቶ በ1980 ከሮኒ ጄምስ ዲዮ ጋር «ሄቨን ኤንድ ሄል»ን ካወጣ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም።

የነባሩ አድናቂ ቅሬታ ከንቱ አይደለም፤ የለመደው ድምፅ የወጣትነቱ ትዝታ ነው። ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ነው። ዲዮ የተሳካለት ኦዚን ለመምሰል ስላልሞከረ ነው። በአይረን ሜይደን ብሌዝ ቤይሊ ሁለት አልበም ቢሠራም፣ መድረክ ላይ ለብሩስ ዲከንሰን ከፍተኛ ድምፅ የተሠሩ ዘፈኖችን መሸከም ነበረበት። ምርጫው የባንዱ ሆኖ ሳለ ነቀፌታው የእሱ ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክርክር እምብዛም አይሰማም፤ ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ካሴቶች እንኳ የሚታወቁት በድምፃዊው ስም ነው። ፍርዱን ግን የደብረ ብርሃን የጥምቀት ጨፋሪ ያውቀዋል። አውጪው ሲደክመው ሌላው ይገባል። ተቀባዩ «ድምፁ እንደ ፊተኛው አይደለም» ብሎ ዝም አይልም፤ አዲሱ በራሱ ግጥም ጭፈራውን ካሞቀው ይቀበለዋል፣ ካቀዘቀዘው ይተወዋል።

አዲስ አልበምም ሊመዘን የሚገባው እንዲህ ነው፦ በያዘው ዘፈን እንጂ በሌለው ሰው አይደለም።