ንድፉ በማን እጅ ነው?



በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስላል። የሕክምና ተማሪ በንድፍ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ወገን እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የማኅበራችን አባላት ከአገር ቤት ባለሙያዎች ጋር የሚሠሯቸው የጋራ ሥራዎች እየበዙ በመጡ ቁጥር፣ በኮምፒዩተር የተነሡት ንድፎች ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፉበት መንገድ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። በእኔ አስተያየት ይህ መንገድ ፈጽሞ የማያስተማምን ነው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሦስት አገሮች የተበተኑ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ቆልማማ እግር ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ማሰሪያ ይነድፋሉ፤ አገር ቤት ያለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ደግሞ ያመርታል። ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ለማስረዳት፣ በፖንሴቲ ዘዴ የሚታከም ሕፃን እግሩ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ብዙውን ጊዜም የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ በኩል ይቆረጣል። ረጅሙ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጫማዎች በአንድ ዘንግ ላይ የተያያዙበት ማሰሪያ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም ሕፃኑ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት ይደረግለታል። የዘንጉ ርዝመት ከሕፃኑ የትከሻ ስፋት ጋር መመጣጠን አለበት። የታመመው አንድ እግሩ ብቻ ከሆነ የታመመው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው ደግሞ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ውጭ ይዞራል። ማሰሪያው በአግባቡ ካልተደረገ የተቃናው እግር መልሶ ይጣመማል። ስለዚህ በንድፉ ላይ ያለችው ያች አንዲት ቁጥር የልጁ አረማመድ ናት።

ይህ ንድፍ አምስት ጊዜ ተሻሻለ፤ አምስቱም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተላኩ። ስማቸውም «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» እያለ ይቀጥላል። የሥራ ቤቱ ባለሙያ በስልኩ ላይ ያገኘውን ሦስተኛውን ከፍቶ 12 ማሰሪያዎች ሠራ። በሦስተኛው ንድፍ ላይ ግን የሁለቱም እግር ማዕዘን 40 ዲግሪ ነበር፤ የታመመው እግር ማዕዘን የታረመው በአራተኛው ላይ ነው። ደግነቱ አንዲት ነርስ ማሰሪያዎቹን ከመታደላቸው በፊት በማዕዘን መለኪያ ለክታ አስቆመቻቸው። ባለሙያው ምንም አላጠፋም፤ የተላከለትን ነው የሠራው። የትኛው የሚሠራበት እንደሆነ የሚነግረው ነገር አልነበረም።

ስለ ንድፍ ደኅንነት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሌባን ብቻ ነው። ሌባውም አለ፤ እሱን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሴት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ድርጅት በአውቶካድ ንድፎች ላይ የሚኖር ተባይ አግኝቶ ነበር። ተባዩ በብዛት የታየው በፔሩ ሲሆን በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ንድፎችን ቻይና ውስጥ ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች ልኳል። የሚዛመተውም ሰዎች የሥራ አቃፊያቸውን እንዳለ ጠቅልለው ለባልደረባ ሲልኩ፣ ከንድፉ ጎን ተደብቆ አብሮ በመሄድ ነው። እኛስ አቃፊ የምንላላከው እንዲሁ አይደለምን?

ነገር ግን ከሌባው ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ማን እንደለወጠው፣ ማንስ እንደፈቀደው የማይታወቅ ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱን ድልድዮች ከጣሪያው የሚያንጠለጥለው አንድ ወጥ ዘንግ ነበር፤ ለሥራ እንዲያመች ሲባል ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ። በዚህ ለውጥ ምክንያት የታችኛው ድልድይ የተንጠለጠለው በላይኛው ላይ ሆነና የላይኛው ማያያዣ የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሆነ። የተለወጠው ንድፍ ማኅተም አርፎበታል፤ ስሌቱን እንደገና የሠራ ግን አልነበረም። ያን ንድፍ የሰረቀው የለም። የሚመለከታቸው ሁሉ እጅ ገብቶ ነበር፤ ያለቁት ሰዎች ግን አለቁ።

እንግዲህ ንድፍን በደኅና መካፈል ማለት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ነው። ማን ያየዋል? ማን ይለውጠዋል? ዛሬ የሚሠራበትስ የትኛው ነው? የቴሌግራም ቡድን ከሦስቱ ለአንዱም መልስ የለውም። በቡድን የሚላክ መልእክት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ብቻ የተቆለፈ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቁልፍ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል በሚደረገው ምስጢራዊ ጭውውት ብቻ ነው። ከቡድኑ የወጣ ሰውም ያወረደውን ይዞ ይሄዳል።

በእኛ በስደት ተማሪዎች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረብበታል፤ ብዙ ጊዜ ሲወራ የማልሰማው ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። እኛ አላፊ ነን። ዛሬ የቡድኑን ማከማቻ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የከፈተው ወንድም ነገ ይመረቃል፤ ኢሜይሉ ይዘጋል፤ ማከማቻውም አብሮ ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲያልቅ የስልክ መስመሩ ይቋረጣል፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። የመግቢያ ኮዱ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ለዚያ ለማናውቀው ሰው ነው። በነፃ የተሰጠው የተማሪ የአውቶካድ ፈቃድም ከተማሪነት ጋር ያበቃል፤ ለዚህ ሲባል እንኳ ንድፉን ፍሪካድን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል በስቴፕ ቅርጽም ማስቀመጥ ይገባል። የሁለት ዓመት የጋራ ልፋት በአንድ ተመራቂ የይለፍ ቃል ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

አንዳንድ ወገኖች «ንድፉ የሕዝብ ነው፤ ከሕዝብ የሚደበቅ ምን አለ? ቁልፍ የነጋዴ ነገር ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ክርክራቸው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ማንም ሊያነብበው የሚችል ነገር ማንም ሊለውጠው የሚችል ነገር ማለት አይደለም። የሊነክስን የፕሮግራም ጽሑፍ ዓለም በሙሉ ያነበዋል፤ ወደ ዋናው ቅጂ የሚገባውን ለውጥ የሚወስኑት ግን ኃላፊነቱ የተሰጣቸው ጥቂቶች ናቸው። ያለቀውንና የተፈተነውን ማሰሪያ ለፈለገ ሁሉ እንስጥ፤ እኔም ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ያልተፈተነ ረቂቅ በየስልኩ መበተን ግን ለሕዝብ ምን እንደሚጠቅመው አይገባኝም።

ደግሞስ በቡድኑ ውስጥ የሚሄደው ንድፍ ብቻ ነውን? የሕፃናቱ ፎቶግራፍ፣ የካርድ ቁጥራቸው፣ የእናታቸው ስም ከንድፉ ጋር ተደባልቆ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአገራችን የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይቆጥረዋል። አዋጁ ባይኖርስ? እናቲቱ የልጇን እግር ያሳየችው ለሐኪሙ ነው። ለነዳፊው የሚያስፈልገው የትከሻ ስፋት፣ የጫማ ቁጥርና የታመመው እግር ግራ ይሁን ቀኝ ነው። ስሙ ምን ያደርግለታል?

በሕክምና ትምህርት ቤት ቀድመው ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ የካርድ አያያዝ ነው። የተሳሳተ ጽሑፍ አይፋቅም፤ አሮጌው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ፊርማና ቀን ይደረግበታል። ለንድፉም ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልገውም። በማዕዘኑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የእርማት ቁጥር፣ ቀን፣ የነደፈው፣ ያረጋገጠው ይጻፍ፤ «የመጨረሻ» የሚባል ስም ይቅር። ንድፉ በአንድ ማከማቻ ይቀመጥ፤ የሚለውጡት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ሌሎቹ ያንብቡ። መግቢያው ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይኑረው፤ እሱም በስልክ መልእክት የሚመጣ አይሁን። ከቡድኑ የወጣ ሰው በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ይህ ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም።

አገር ቤት ላለው ባለሙያ ይህ ሁሉ አይመቸው ይሆናል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ማከማቻው አይከፈትለትም። እንዲህ ሲሆን ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፎ መላክ፣ ቃሉን ግን በዚያው መንገድ ሳይሆን ደውሎ በድምፅ መንገር ይቻላል። ከመቁረጡ በፊትም የእርማቱን ቁጥርና ሦስቱን ዋና ልኮች በስልክ መልሶ ያንብብልን። በቀዶ ሕክምና ክፍል ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የበሽተኛው ስምና የሚቀደደው ጎን ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ይህም ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ማከማቻው በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ ወጪውም ከአባልነት መዋጮው ይሸፈን። ቁልፉን ሁለት አባላት ይያዙ፤ አንዱ ከኢንጂነሪንግ፣ ሌላው ከሌላ ክፍል ቢሆኑ፣ ሁለቱም ለመመረቅ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚቀራቸው ቢሆኑ ይመረጣል። ያለፉት አምስት ንድፎች ተሰብስበው እርማታቸው ይመዝገብ፤ ሦስተኛውም «አይሠራበትም» ተብሎ ይጻፍበት። የሥራ ቤቱ ቀጣይ ትእዛዝ የ20 ማሰሪያዎች ስለሆነ፣ ይህ ከዚያ በፊት ቢያልቅ መልካም ነው።